የቲም መሆን ያማረኝ ክረምት

የአያቴ ዕቃ ቤት ቁልፍ ኢቲሳም አንገት ላይ የዋለ ዕለት፣ ሐይቁ እስከ ታቹ ቢደርቅ ግድ አልነበረኝም። ዓሣው ሆዱን ገልብጦ ቢቀር፣ ታንኳው ሁሉ ጭቃ ላይ ቢጋደም፣ የከተማው ሰው ጀሪካን ተሸክሞ ቢንከራተት፣ እኔ ደጃችን ላይ ቁጭ ብዬ «እሰይ!» እል ነበር። ዘጠኝ ዓመቴ ነው። በዚያ ዕድሜ ቅናት ሆድ ውስጥ አርፎ አይቀመጥም፤ ወደ እግር ይወርዳል። ያገኘሁትን ድንጋይ ሁሉ እየጠለዝኩ ዋልኩ።

ዕቃ ቤት የምንለው ከሳሎኑ ጀርባ የተቀጠለ፣ ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ አንድ ክፍል ነበር። አያቴ ሙሐመድሁሴን፣ አባባ የምንላቸው፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቆዳ ሲነግዱ ኖረዋል። ከከተማችን ከሐይቅ ተነስተው ውጫሌ፣ ከውጫሌ አልፈው እስከ ግሸን መንገድ ድረስ የፍየልና የበግ ቆዳ ይገዛሉ። ቆዳ የሚነግድ ሰው ከበሮ ሠሪውን ያውቃል፣ ማሲንቆ ሠሪውን ያውቃል። ሠሪውን ያወቀ ተጫዋቹን ያውቃል። ተጫዋቹ ሲሞትም የት ቤት፣ የትኛው ምሰሶ ላይ፣ ምን ተሰቅሎ እንደቀረ ያውቃል። ልጆቹ ሊጥሉት ወይም ሊማግዱት ሲሉ አባባ ይደርሳሉ። እንዲህ እየሆነ ነው የክፍሉ ግድግዳ የሞላው። ጭራው ያለቀ ማሲንቆ፣ እንጨቱ በጭስ የጠቆረ ክራር፣ አሮጌ ሼሆች መንዙማ ያሉባቸው ድቤዎች፣ ከአንድ መሪጌታ ቤት የመጣ በገና፣ እንደ ችቦ የታሰሩ ዋሽንቶች፣ ከየትኛው የጦር ሠራዊት ባንድ እንደተረፈ የማይታወቅ ጥርሱ የረገፈ አኮርዲዮን። ከባድ መኪና በአስፋልቱ ሲያልፍ ድቤዎቹ ከውስጥ ያጉረመርማሉ። እኔ ከውጭ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ አዳምጣቸው ነበር።

ጎረቤት ሲስቅባቸው አባባ አይቆጡም። «ዕቃ ሲያረጅ ሰው ይጠላዋል» ይሉ ነበር። «በጣም ሲያረጅ ደግሞ ይናፍቀዋል። እኔ የምሰበስበው ከመጥላቱ በኋላ፣ ከመናፈቁ በፊት ነው። ያኔ ማንም አይሻማኝም።»

እኔ ግን እሻማ ነበር። ያ ክፍል የኔ እንዲሆን ከመፈለጌ የተነሳ ከንፈሬ ይደርቅ ነበር። የበኩር የልጅ ልጅ ነኝ፤ ለማን ሊሰጡት ነው? ይህን ጥያቄ የማልጠራጠርበት መልስ አድርጌ ነው ያደግኩት፤ ኢቲሳም እስክትመጣ ድረስ።

ኢቲሳም የአክስቴ የፈዲላ ልጅ ናት። በዓመት ታንሰኛለች። አባቷ ወደ የመን ሲሻገር ጀልባው ሰጥሞ ባሕር ላይ ቀረ። ዓመት ሳይሞላ እናቷ ጅዳ ሰው ቤት ለመሥራት ሄደች፤ ልጅቱ በአንድ ፌስታል ልብስ ታጅባ እኛ ግቢ ገባች። ቀጫጫ፣ ዝምተኛ፣ ሲጠሯት ቶሎ የማትሰማ ልጅ ነበረች። አባባ የእጅ ውኃ ራሳቸው ያስታጥቧታል። ቆሮሶ ዓሣ ሲጠበስ ጉንጩን፣ ያንን ለስላሳውን ሥጋ፣ በጣታቸው ፈልቅቀው ለሷ ነው። እኔ ጅራቱ ይደርሰኛል። ይህንን ሁሉ በሆዴ ይዤ ነበር። የማልችለው ሌላ ነው፤ ዕቃ ቤት ያስገቧታል።

በሩ ላይ ቆሜ አያለሁ። የድቤውን ቆዳ በቅቤ ታሻሻለች፤ አባባ «ቀስ፣ እንደ ሕፃን ገላ» ይሏታል። ዋሽንት አፏ ላይ ያደርጉላታል፤ ትንፋሿ ብቻ ፍስስ ሲል ሁለቱም ይስቃሉ። ክራሩን ጭኗ ላይ አስቀምጠው ጣቷን በጣታቸው ይዘው ይመታሉ። እኔ እግሬን ከደፉ ባሳለፍኩ ጊዜ ግን ዓይናቸውን ሳያነሱ «እጅህን!» ይሉኛል።

«እሷስ?»

«እሷ ሌላ ናት።»

«ምኗ ነው ሌላው?»

«ሂድ፣ እናትህን ውኃ አቀብላት።»

ሌላነቷ ምን እንደነበር ለመረዳት ዩኒቨርሲቲ መግባት አላስፈለገኝም፤ ግን ማደግ አስፈልጎኛል። የከለከለኝ አባቴ ነበር። አባባ የሚያከብሩት የአባቴን ቃል ነበር። ኢቲሳም ላይ «ልጄን እንዳታስነኩብኝ» የሚል ሰው በምድር ላይ አልነበረም። እሷ ያንን በር ያለፈችው ከለካይ ስለሌላት ነው። እኔ ይህን እንደ ዕድል ነበር የማየው።

አባቴ ኡበይድ ሪያድ ብዙ ዓመት ሠርቶ የተመለሰ፣ አስፋልቱ ዳር የቆርቆሮና የሚስማር ሱቅ ያለው ሰው ነው። ሐይቅ ውስጥ ስለ ሚዛኑ የሚያማው ሰው አልነበረም። ከሪያድ ሲመለስ ግን ስለ ዘፈን ያለው አቋም ጠንክሮ ነው የመጣው። ሰርግ ይጠራል፣ ይሄዳል፣ ሙዚቃው ሲጀመር ጫማውን ይፈልጋል። ከአባቱ ጋር አይጨቃጨቅም፤ በዕቃ ቤቱ በኩል ሲያልፍ ግን ፊቱን ያዞራል።

በዚያ ክረምት አንድ ከሰዓት በኋላ ሁለቱ ዕቃ ቤቱ ጥግ ቆመው ሲነጋገሩ፣ እኔ በርሜሉ ዘንድ እግሬን እየታጠብኩ ነበር። ከጣሪያው በርሜሉ ውስጥ የሚወርደው ውኃ እየጮኸ የሚሉትን ሁሉ አያሰማኝም። የሰማሁት ይህን ብቻ ነው።

«ሙሀይሚን ልጄ ነው። በሱ ላይ ሐቅ አለኝ» አለ አባቴ።

«አላስነካም ብዬሃለሁ» አሉ አባባ። «አላስነካም።»

በቃ! አባቴ ለኔ ሐቅ እየተሟገተልኝ ነው፤ አባባ እምቢ አሉ ማለት ነው። ያን ቀን አባቴን እንዴት እንደወደድኩት! ሱቁ ድረስ ሄጄ ሳይልከኝ የሚስማር ሳጥን ደረደርኩለት።

የቀረውን ንግግር፣ ከበርሜሉ ድምፅ በፊት የነበረውን፣ ካደግኩ በኋላ እናቴ ናት የነገረችኝ። በመስኮት ሰምታዋለች። «አባ፣ ከአንቱ በኋላ እነዚህን ዕቃዎች ቤቴ ውስጥ አላሳድርም» ነበር ያለው አባቴ። «ዛሬ በፊትዎ ልናገር፤ ኋላ ‹ከሞትኩ ወዲያ ተደብቆ አደረገው› እንዳይሉኝ።»

«የት ልታሳድራቸው ነው?»

«የሚፈልግ ካለ ይውሰድ። ከጠፋ ምድጃ አለ።»

«ምድጃ» አሉ አባባ። «ጎሽ። የማይዋሸኝ ልጅ ወልጃለሁ።»

ከዚያ ነው ስለኔ የተነሳው። ስለዚህ ያ ሐቅ የኔ አልነበረም፤ በኔ ላይ ነበር።

በሳምንቱ ይሁን ከዚያ አለፍ ብሎ፣ አባባ ሽማግሌዎችን ለዱዓ ጠሩ። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ ሲያካፋ የዋለበት ቀን ነው። ሳሎኑ እርጥብ ካቦርትና የጫት ቅጠል ይሸታል። ሼህ ኑርዬ፣ የአባባ የልጅነት ባልንጀራ፣ ከግድግዳው ጋር ትራስ ተደግፈዋል። አባቴ ጫት ስለማይቅም ከበሩ አጠገብ፣ ለመውጣት እንደተዘጋጀ ሰው ተቀምጧል። እኔ በእናቴ ጓዳ መጋረጃ ሥር ነኝ።

አባባ ኢቲሳምን ጠርተው መሐል ላይ፣ የበግ አጎዛ ላይ አስቀመጧት። ልጅቱ ጉልበቷን አቅፋ ምንጣፉን ታያለች።

«ይህች ልጅ የቲም ናት» አሉ። «አባቷን ባሕር በልቶታል። እኔ ሙሐመድሁሴን፣ አቅሌ ሙሉ ሆኖ፣ በሁለት እግሬ እየሄድኩ፣ በዕቃ ቤቴ ግድግዳ ላይ ያለውን ሁሉ ለኢቲሳም ሰጥቻለሁ። ከዛሬ ወዲያ የኔ አይደለም። ምስክር ሁኑኝ።»

«ምስክር ነን» አሉ ሽማግሌዎቹ።

«የሞትኩ እንደሆን፣ አድጋ እስክትረከብ ጠባቂዋ ኡበይድ ነው።»

አባቴ ቀና አለ። «አባ…»

«ምነው? አማና የማይበላ ልጅ ካንተ ሌላ አለኝ እንዴ?»

ሰው ሳቀ። አባቴ አልሳቀም። ወደ ሼህ ኑርዬ ዞረ። «ሼሃችን፣ የዘፈን ዕቃ እንዴት ተደርጎ ነው የየቲም ገንዘብ የሚሆነው? ሐራም ነገር…»

ሼህ ኑርዬ ጉንጫቸው ውስጥ ያለውን ቅጠል ወደ ሌላው ጉንጭ አሻገሩ። «እስቲ ንገረኝ ልጄ፣ ሐራሙ እንጨቱ ነው ቆዳው?»

«መጫወቱ ነው እንጂ።»

«ታዲያ ማን ተጫወት አለህ? ጠብቅ ነው የተባልከው!»

ሳሎኑ በሳቅ ፈረሰ። ሼህ ኑርዬ ሳቁ እስኪያልቅ ጠብቀው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የየቲምን ገንዘብ የበላ፣ ያስበላ፣ ዝናብ እያየ ያስመታ፣ ሆዱ ውስጥ ምን እንደሚያስገባ እኔ አልነግርህም። ከኔ የበለጠ ቁርኣን ቀርተሃል።»

«እሳት» አለ አባቴ።

«ንገራቸው እንግዲህ።»

«እሳት ነው» አለ ደግሞ፣ ወደ መሬት እያየ።

አባባ ቁልፉን በጠፍር አድርገው ኢቲሳም አንገት ላይ አጠለቁት። ያ ሁሉ ሽማግሌ እጁን ዘርግቶ ለሷ «አሚን» አለ። አንድ ሰው እንኳ ወደ መጋረጃው አላየም።

ዛሬ ያን ቀን ሳስበው ኮፍያዬን አውልቄ ልስማቸው ያምረኛል። አያቴ የሚጠራቀም ዕቃ ላይ ብቻ ሳይሆን ሰው ላይም ዓዋቂ ነበሩ። ልጃቸው የአባቱን ዕቃ ከመማገድ እንደማይመለስ ያውቃሉ፤ ለኔ ቢሰጡኝም የልጅ ገንዘብ በአባቱ እጅ ነው፤ ያው ምድጃ ነው። ይኸው ልጃቸው ግን የየቲም ጥሬ ከሚነካ እጁ ቢቆረጥ እንደሚመርጥም ያውቃሉ። እህል ከፍየል በእሾህ እንደሚታጠር፣ ማሲንቆና ክራራቸውን በኢቲሳም የቲምነት አጠሩት። ዘበኛ አድርገውም ያቆሙት ያንኑ የሚፈሩትን ሰው ነው።

እኔ ግን መጋረጃ ሥር ሆኜ የተማርኩት ሌላ ትምህርት ነበር። የቲም ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ ባይ ነበርኩ። በረመዳን ከጅዳ የሚላክ ልብስ መጀመሪያ የሚሰጠው ለየቲም ነው። በአረፋ ሥጋው ሳይከፋፈል «ይህ ለየቲም» ተብሎ የሚነሳ አለ። መስጊድ በር ላይ የማያውቋት ሰዎች ሁሉ ራሷን ይደባብሷታል። አሁን ደግሞ ዕቃ ቤቱ። እንደ ሼህነት፣ እንደ ሀጂነት ያለ ማዕረግ ነው የመሰለኝ። እሷ ቀድማ ደርሳበታለች እንጂ ለኔም ተራዬ ይመጣል።

እራት ላይ ጠየቅኩ። እናቴ ሀጀራ ወጥ እያወጣች ነው፤ ኢቲሳም ቁልፏን አንገቷ ላይ አድርጋ ከአባባ ጋር በአንድ ትሪ ትበላለች።

«አባዬ፣ እኔ መቼ ነው የቲም የምሆነው?»

ጭልፋው ከእናቴ እጅ ወደቀ። «አዑዙ ቢላህ! ምን አፍ ነው ይሄ! አንተ ልጅ፣ አሁን ምራቅህን ትፋ!»

አባባ ማኘካቸውን አቆሙ። አባቴ አልተቆጣም። ዓይኔን ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ከትሪው ላይ ጠቅልሎ፣ አጉራሽ ሰው አልነበረም፣ በእጁ አጎረሰኝ።

«አላህ ያለ ጊዜ» አለኝ። «አንተ ግን አትቸኩል።»

ቃል የገባልኝ መሰለኝ። ጉርሻው ጉሮሮዬ ውስጥ እያለ ኢቲሳምን በኩራት አየኋት። እሷ እያለቀሰች ነበር። ለምን እንደሆነ አልገባኝም፤ ማዕረጓን ልካፈላት ስለሆነ ከፍቷት ነው ብዬ ደስ አለኝ።

አባባ ክረምቱ ሲወጣ፣ ሐይቁ ዳር ማሾው ሳይሰበሰብ ሞቱ። ዕቃ ቤቱን ከሷ አስለቅቆ ሊሰጠኝ የሚችል ሰው ቀረ ብዬ የማስበው አባቴን ነበር። ያኔ ነው ሁለተኛው ቅናት የመጣብኝ፤ ከመጀመሪያው የከፋው።

ጁምዓ ከመስጊድ ሲመለስ ጃኬቱን እንኳ ሳያወልቅ «ኢቲሳም! ነይ ክፈቺ!» ይላል። አብረው ይገባሉ። ዓይኑን ከክሮቹ ላይ እያሸሸ ግድግዳውን ይዳብሳል፣ ምስጥ ካለ ይፈልጋል፣ ጣሪያውን ያያል። የቆዳው ቅቤ እንዳይረሳ ያሳስባታል። ከሱቁ አዲስ ቆርቆሮ አምጥቶ የመታው ለዚያ ክፍል ነው። እኛ የምንተኛበት ግን ከዳር ያፈሳል፤ እናቴ ባልዲ ታስቀምጣለች።

«የቆርቆሮ ነጋዴ ቤት ቆርቆሮ ያፈስሳል!» ትለዋለች እናቴ። «ልጆችህ ላይ እየዘነበ የሞተ ሰው ከበሮ ትሸፍናለህ?»

«የኛ ልጆች ይረጥባሉ፣ ይደርቃሉ» ይላታል። «የሷ ከረጠበ የሚደርቀው ጀሀነም ነው።»

እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ ባልዲው ውስጥ የሚወድቀውን ጠብታ እሰማለሁ። አያቴን ወሰደች። ዕቃ ቤቱን ወሰደች። አሁን ደግሞ አባቴን።

አንድ ጊዜ ሆቴል እያሠራ ያለ ሰው ከኮምቦልቻ መጣ። ለግድግዳ ጌጥ የሚሆን አሮጌ ዕቃ ፈልጎ፣ ሰው ጠቁሞት ነው። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ በበሩ አሻግሮ ሲያይ ፉጨት አመለጠው። «ሀጂ፣ ይሄን ሁሉ ይዘው ነው ዝም ያሉት? የጠየቁኝን እሰጣለሁ።»

«የኔ አይደለም» አለ አባቴ።

«የማን ነው?»

አባቴ በአገጩ ጠቆመ። ኢቲሳም ጭቃ ላይ ተንበርክካ ዶሮ ከቅርጫት ሥር ለማውጣት ትታገላለች።

«እሷ?» ሰውየው ሳቀ። «በሉ እሷን ላነጋግራታ!»

«እስክታድግ ጠብቅና አነጋግራት። ሻይ ትጠጣለህ?»

ጦርነቱ ሐይቅ በደረሰ ጊዜማ፣ እናቴ እስከ ዛሬ የምታነሳው ነው፣ ሰው ፍራሹን ሲሸከም አባቴ ጋሪ ላይ ያስጫነው መጀመሪያ በገናና ድቤ ነው። የጎረቤት ሰው «ኡበይድ አበደ» አለ። ኢቲሳም ያኔ ሪያድ ሰው ቤት ትሠራ ነበር። ለአካለ መጠን ደርሳ ነው የሄደችው፤ አባቴ ሊያስረክባት ሽማግሌ ሊጠራ ሲል «ስመለስ እረከባለሁ» ብላ ነው አውሮፕላን የተሳፈረችው።

የተመለሰችው አምና ነው። ሙሉ ሴት ሆና፣ ጥቁር ዓባያ ለብሳ፣ ንግግሯ መሐል «ወላሂ» እና «ያላ» እየሰነቀረች። ደሴ ላይ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሐይቅ ማስተማር ከጀመርኩ ትንሽ ቆይቻለሁ። በሩን ስትገባ አቅፌ ስስማት፣ እውነቱን ልናገርና፣ መጀመሪያ ያየሁት አንገቷን ነው። ቁልፉ አልነበረም፤ ቦርሳዋ ውስጥ ነው ያለው።

አባቴ ሳምንት አልቆየም። ሽማግሌ ጠራ። ሼህ ኑርዬ ካለፉ ቆይተዋል፤ ከዚያ ቀን ምስክሮች የተረፉት ጥቂት፣ ጆሯቸው የከበደ ናቸው። አባቴ ሽበቱ ደረቱ ላይ ወርዷል። «የአባቴን አማና አስረክቤ ልረፍ» አለ። «ግቢና እይ ልጄ። የጎደለ ካለ በነዚህ ሰዎች ፊት ጠይቂኝ። ካልጎደለ ተረክቤያለሁ በዪኝ፤ በአላህ ፊት ነፃ ልውጣ።»

ኢቲሳም ገባች። ከውስጥ ምንም ድምፅ የለም። እኔ ሳሎን ቁጭ ብዬ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ አንገቴን አስግጌ በሩን አያለሁ። ስትረከብ ምን ታደርገው ይሆን? ለኔ ትለኝ ይሆን? ሰውየው ከኮምቦልቻ ይመጣ ይሆን?

ወጣች። «አጎቴ፣ ከክራሩ አንዷ ክር የለችም።»

«አያትሽ ሲሰጡሽም አልነበረችም!»

«ነበረች።»

«ኢቲሳም!»

«ነበረች አጎቴ። እስክትጠገን አልረከብም።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ ጉሮሮውን ጠራረገ፦ «እንግዲህ ኡበይድ፣ ሐቋ ነው።»

ማምሻውን ሐይቁ ዳር ስንሄድ ጠየቅኳት። «እውነት ነበረች?»

«አልነበረችም።»

«ታዲያ ሽማግሌ ፊት እንዴት…»

«ከተረከብኩ፣ ጁምዓ ጁምዓ ማን ይጠራኛል?» አለች። ትንሽ ድንጋይ አንስታ ውኃው ላይ ጣለች። «በዚያ ቤት ስሜን ጮክ ብሎ የሚጠራኝ እሱ ብቻ ነበር፤ እሱም ጁምዓ ብቻ። አንድ ጊዜማ በመሐል ሳምንት እንዲመጣ ብዬ በሚስማር ጣሪያውን ወግቼዋለሁ፤ ከራሳችሁ ሱቅ በወሰድኩት ሚስማር።» ሳቀች። «አንተ በሩ ላይ ቆመህ ታየኝ ነበር። ትቀና ነበር አይደል?»

«በጣም።»

«እኔም በጣም» አለች። «አንተ ጣሪያ ሳያፈስስ የሚመጣልህ አባት ነበረህ።»

እኔም ድንጋይ አንስቼ እሷ የጣለችበት ላይ ጣልኩ።

በማግስቱ ሦስታችንም ውጫሌ ሄድን፤ እዚያ እንዳለ የሚባል ክራር የሚሠራ ሰው አለ። አባቴ ክራሩን በአንሶላ ጠቅልሎ እንደታመመ ሕፃን አቅፎታል። መነኻሪያ ስንደርስ አንሶላው ተንሸራቶ የክራሩ ቀንድ ብቅ አለ። ማህዲ የሚባለው የሰፈራችን ባለባጃጅ አይቶ ጮኸ፦

«ሀጂ! እንዴት ነው ነገሩ? በስተርጅና ክራር ጀመሩ?»

«የየቲም ነው!» አለ አባቴ ተቆጥቶ።

የቲሟ ከሚኒባሱ ፊት ወንበር ላይ፣ የወርቅ ጉትቻዋን አድርጋ፣ ሳቋን በሻርፗ አፈነች።

የእንዳለ ሱቅ የውጫሌ ገበያ ጫፍ ላይ ነው። እንዳለ ክራሩን ሲያይ እጁን ጠራርጎ ነው የተቀበለው። «ይሄን የሠራው ሰው ዛሬ የለም» አለ። ናይለን ሊያስር ሲል አባቴ እንደ ድሮው የበግ አንጀት ካልሆነ አለ፤ እንደነበረ ነው የሚመለሰው። እንዳለ እየሳቀ ከጓዳ ፈልጎ አመጣ። ክሯን ሲያስር አባቴ ወጥቶ በረንዳው ላይ፣ ጀርባውን ሰጥቶን፣ ፊቱን ወደ መንገድ አዙሮ ቆመ። ላለመስማት ነው። ፍየል ነጂዎች፣ ባጃጆች፣ የጥሩምባ ጩኸት።

«በአገራችሁ ቅኝት ልቃኘው» አለና እንዳለ አምባሰልን ያዘ። ጣቱን ከላይ እስከ ታች አወረደው። ልጅ ሆኜ ከግድግዳ ውጭ ሆኜ የጠበቅኩት ድምፅ ይሄ ነበር ማለት ነው።

«እንዴት ነው?» አለን።

«ቆንጆ» አልኩ።

«ማሻአላህ፣ ጥሩ ነው» አለች ኢቲሳም።

«አራተኛዋ ረገብ ብላለች» አለ አባቴ፤ ከበረንዳው፣ ሳይዞር።

እንዳለ ጆሮውን ወደ ክራሩ አስጠግቶ አራተኛዋን ክር ነካ። ቅንድቡ ተነሳ። ትንሽ አጠበቃት።

«በዛች። መልሳት» አለ አባቴ ለመንገዱ።

መለሳት።

«ቆይ… እሷ ናት።»

«ሀጂ፣ ክራር ይመቱ ነበር እንዴ?» አለ እንዳለ።

«የየቲም ዕቃ ጎዶሎ አላስረክብም» አለ አባቴ። ጆሮው ግን ቀልቶ ነበር።

ኢቲሳም ተነስታ ወደ በረንዳው ወጣች። ፊት ለፊቱ ቆመች። «አጎቴ፣ ተረክቤያለሁ። በአላህ ፊት ነፃ ነህ።»

«አልሐምዱሊላህ» አለ። አለና ግን አልተንቀሳቀሰም። «ጣሪያውን ግን ጁምዓ አየዋለሁ» አለ። «ሰሞኑን ንፋስ ነበር።»

እሷ ፊቷን ወደ ገበያው አዞረች። ስትመለስ ክራሩን ከእንዳለ ተቀብላ ለኔ ሰጠችኝ። «ያዝልኝ፣ ሻርፔን ላስተካክል» አለችኝ፤ ሻርፗ ምንም አልሆነም ነበር።

ያዝኩት። ያን ሁሉ ዓመት የተመኘሁት ዕቃ እጄ ሲገባ በየት በኩል እንደሚያቅፉት አላውቅም። ገለበጥኩት፣ አዞርኩት፣ ክንዴ ሥር ከተትኩት። ቀና ስል አባቴ ዞሮ እያየኝ ነው። ቀኝ እጁ ከጎኑ ተነስታ፣ ጣቶቿ ተዘርግተው፣ ክራሩን በአየር ላይ ልታስተካክል የደረሰች ነበረች። ማየቴን አየና እጁን ኪሱ ከተታት።

«ሚኒባሱ ሳይሞላ እንሂድ» አለ።

በመንገድ ላይ ክራሩ ኢቲሳም ጭን ላይ ነበር፤ ወደሷ እንኳ አላየሁም። የማየው ከፊቴ የተቀመጠውን የአባቴን ማጅራት ነው። በዚያ ግድግዳ ሥር ከሷም ከኔም በፊት አንድ ልጅ ተቀምጦ ነበር። አባባ ጣቱን በጣታቸው ይዘው፣ አራተኛዋ የት ድረስ እንደምትጠብቅ እስኪለይ ድረስ አስተምረውት ነበር። «እጅህን!» ያለው ሰው አልነበረም። ሐይቅ እስክንደርስ የቀናሁት በዚያ ልጅ ነው።